ቆሞ የከረመ መኪና ጢስ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለዓመታት ቆሞ የኖረ መኪና ሞተሩ በተነሣበት በመጀመሪያው ደቂቃ የሚለቀው ጢስ ግቢውን ሁሉ ያለብሰዋል። ጎረቤት መስኮቱን ይዘጋል፤ የሠፈር ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ባለቤቱ ደንግጦ የመካኒኩን ፊት ያያል። መካኒኩም፣ ይልቁንም ወጣት እንደ ሆነ፣ ዓይን ሁሉ በእርሱ ላይ ስለሚያርፍ ዝም ማለት ዐላዋቂነት ይመስለዋል። ስለዚህ ይፈርዳል። ፍርዱም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ሪንጉ አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ።»

ይህ ፍርድ አንዳንድ ጊዜ እውነት ይሆናል። የሚያስቸግረው ግን እውነት በሆነበትም ሆነ ሐሰት በሆነበት ጊዜ ያለ ምርመራ መሰጠቱ ነው። ቆሞ የከረመ ሞተር በመጀመሪያው ሰዓት የሚያወጣው ጢስ የሚናገረው ስለ ቆመበት ዘመን እንጂ ስለ ሞተሩ ጤና አይደለም። ስለ ሞተሩ የሚመሰክረው ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጢስ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠው ሕዝቡ በአጭሩ «ቮልስ» የሚለው አሮጌው ቮልስዋገን ነው። የዚህ መኪና ሞተር ከኋላ ተቀምጦ፣ አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመው፣ በውሃ ሳይሆን በአየር ይቀዘቅዛል። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፑዌብላ ፋብሪካ ወጣ። በአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ሸራ ለብሶ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመ ቮልስ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በ2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ደግሞ፣ ደኅና ሞተርን «ሞቷል» ብሎ ማስጣል ከበፊቱ የከበደ ስሕተት ሆኗል።

ከእነዚህ መኪኖች አንዱ ባለቤቱ ከሞቱ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም ነበር። ግቢው ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። የሟቹ ልጅ መኪናውን ለመሸጥ አስባ ገዢ ቀርቦላታል፤ ሞተሩ ደኅና ከሆነ በአንድ ዋጋ፣ ካልሆነ ግን በብረት ዋጋ ሊወስደው ተስማምቷል። ወጣት መካኒክ ተጠርቶ አዲስ ባትሪ አሠረ፤ አሮጌውን ቤንዚን ቀድቶ አወጣና ዐሥር ሊትር አዲስ ጨመረ፤ መሽቶ ስለ ነበር በማግሥቱ ጧት ተመልሶ ሞተሩን አስነሣ። ሰማያዊና ጥቁር የተቀላቀለበት ወፍራም ጢስ ከሁለቱም የጢስ ማውጫዎች ወጣ። ወጣቱም የተለመደውን ፍርድ ሰጠ። ገዢው አላዘነም።

ልጅቱ ግን አባቷ በሕይወት ሳሉ መኪናውን ይጠግኑ የነበሩትን አዛውንት መካኒክ አስጠራች። ሰውየው መጥተው ሞተሩን ለማስነሣት አልቸኮሉም። ይልቁንም መኪናው በየት በኩል አዘንብሎ እንደ ቆመ ተመለከቱ፤ ከመቆሙ በፊት ሲሊንደሮቹ ውስጥ ዘይት ያፈሰሰ ሰው እንደ ነበረ ጠየቁ፤ ከዚያም የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው አሸተቱት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በላይ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

«ጋሼ፣ ዘይት ማነሱ ነው እንጂ መብዛቱም ችግር አለው እንዴ?» አለች ልጅቱ።

«ልጄ፣ ይኼ ዘይት አልበዛም፤ ቤንዚን ተጨምሮበት ነው» አሏት።

ብዙ ባልደረቦች የሚዘሉት ምርመራ ይህ ነው። የቮልስ የቤንዚን ፓምፕ ዲያፍራም ከአሥር ዓመት ድርቀት በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ ቤንዚኑ ወደ ካርቡራተሩ መሄዱን ትቶ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። የካርቡራተሩ ተንሳፋፊ መርፌ በደረቀ የቤንዚን ሙጫ ተይዞ አልዘጋ ሲልም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። በዚህ መኪና ላይ ጥፋተኛው ፓምፑ ነበር። የዚህ ሞተር ዘይት ልክ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ በመሆኑ ግማሽ ሊትር ቤንዚን እንኳ ሲቀላቀልበት ዘይቱ ቀጥኖ በሪንጎቹ ያልፋል፤ የመሽከርከሪያ ክፍሎቹንም አይጠብቅም። ስለዚህ የዘይቱን ልክና ሽታ ሳያይ ሞተር የሚያስነሣ ሰው ጢሱን ራሱ ይሠራና ጥፋቱን በሪንጉ ላይ ያኖራል። በሞቀ ሞተር አጠገብ ቤንዚን ማንጠባጠብ ደግሞ ከጢስ አልፎ እሳት መጥራት ነው።

አዛውንቱ ዘይቱን አስደፍተው፣ ከሥር ያለውን የወንፊት ማጣሪያ አሳጥበው፣ የፓምፑን ዲያፍራም ካስለወጡ በኋላ አራቱን ካንዴላዎች ፈትተው በተራቸው በጨርቅ ላይ ደረደሩ። በቀኝ በኩል ያሉት አንደኛውና ሁለተኛው ደረቅ ጥቀርሻ ለብሰዋል፤ በግራ በኩል ያሉት ሦስተኛውና አራተኛው ጥቀርሻም አለባቸው፣ በዘይትም ርሰዋል። ወጣቱ መካኒክ ዝም ብሎ ተመለከተ። አንድ ጢስ መስሎት የፈረደበት ነገር ሁለት ጢስ ሆኖ ተገኘ።

ጥቁሩ ጢስ ቤንዚን ሲበዛና አየር ሲያንስ የሚወጣ ነው። ካርቡራተሩ ሲከፈት በብርድ ጊዜ አየር የሚቀንሰው ክዳን፣ ማለትም ቾኩ፣ እንደ ተዘጋ ደርቆ ተገኘ። በአሥራ አንድ ዓመት አቧራ የታፈነው የአየር ማጣሪያም ጥፋቱን አብዝቶታል። ከዚህ ላይ የአገሩ ከፍታ ሊዘነጋ አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ምንም ሳይበላሽ ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ጥቂት ጥቀርሻ ያለበት ካንዴላ ማየት ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም።

ሰማያዊው የዘይት ጢስ ነው፤ ምስክርነቱም ከጥቁሩ ይልቅ ጠለቅ ያለ ምርመራ ይሻል። ሲሊንደሮቹ ቆመው በሚሠሩበት ሞተር፣ ለምሳሌ በፊያት ወይም በፔዦ፣ ዘይት በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ወርዶ ከሥር ይጠራቀማል። በተጋደመ ሲሊንደር ግን ዘይቱ ከፒስተኑ ጎን ተኝቶ ይውላል፤ መኪናው በአንድ በኩል አዘንብሎ ከቆመ ደግሞ በሪንጎቹ ክፍተት ቀስ እያለ ወደ ዝቅተኛው ጎን ሲሊንደሮች ውስጥ ይንቆረቆራል። ግቢው ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር፤ የራሱትም የግራ ካንዴላዎች ናቸው። የዚህን ምስክርነት ዋጋ ያልተረዳ ሰው ጤነኛ ሪንግ ሊጥል ይችላል።

የነጩ ጢስ ነገር በአጭሩ ሊታለፍ ይችል ነበር፤ ነገር ግን በዚህ አገር ብዙ ስሕተት የሚፈጸመው በእርሱ ላይ ስለሆነ ጥቂት መቆየት ይገባል። በውሃ የሚቀዘቅዝ መኪና ላይ የሠለጠነ ሰው ነጭ ጢስ ሲያይ ወዲያው የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ይጠረጥራል። ለፊያትና ለፔዦ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ቮልስ ግን ራዲያተርም ውሃም የለውም፤ ስለዚህ በቮልስ የሚታይ ነጭ እንፋሎት ምንጩ ሌላ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ እንደሚወልድ የሚያውቅ ሰው አይደነግጥም። ያ ውሃ በቀዝቃዛ ማርሚታ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ማርሚታው ሲሞቅ ይተናል፤ በቀዝቃዛ የአዲስ አበባ ጧት ደግሞ ጎልቶ ይታያል። እንፋሎት ከማውጫው ጥቂት ራቅ ብሎ ይጠፋል፤ የዘይት ጢስ ግን ሳይጠፋ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። የሚያጠራጥር ከሆነ ነጭ ወረቀት ከማውጫው ፊት ለጥቂት ጊዜ ይያዛል፤ ውሃ ከሆነ ይደርቃል፣ ዘይት ከሆነ ነጠብጣቡ ይቀራል።

የውጭ አገር መጻሕፍት ራዲያተር ያለው መኪና ነጭ ጢሱ ጣፋጭ ሽታ ካለው ከራዲያተሩ የመጣ ነው ይላሉ። ያ ሽታ የሚመጣው ብርድ መከላከያ ፈሳሽ ሲኖር ነው። በዚህ አገር ግን ብዙ ራዲያተር የሚሞላው በተራ ውሃ በመሆኑ የመጽሐፉን ሽታ የሚጠብቅ አፍንጫ ይታለላል። ራዲያተሩን ከፍቶ፣ ሞተሩ ሲነሣ የአየር ኳስ እንዲፈላ ወይም እንዳይፈላ ማየት የተሻለ ነው፤ ይኸውም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መሆን አለበት።

ወደ መኪናው ለመመለስ፣ አዛውንቱ በየሲሊንደሩ ጥቂት ቀጭን ዘይት ጠብ አድርገው ሞተሩን ያለ ካንዴላ በእጃቸው እያዞሩ ቆዩና እስከ ማግሥቱ ተዉት። ይህን ያደረጉት በቅባት ሙጫና በካርቦን ተይዘው በየጎድጓዳቸው የተጣበቁ ሪንጎች ካሉ እንዲላቀቁ ነው። ሲሄዱም ለልጅቱ አንድ ነገር ነገሯት፤ «ነገም ትጨሳለች። እሱን ግን አትፍሪው፤ እኔ ያስገባሁት ዘይት ነው።» ይህ ትንሽ የሚመስል ቃል የሙያ ግዴታ ነው። ደንበኛው የሚያየውን ጢስ ምክንያት አስቀድሞ ካልተነገረው ማግሥቱን ሌላ ፍርድ የሚሰጥ አላፊ አግዳሚ አያጣም።

እንደ ተባለውም በማግሥቱ ጤሰ። መጀመሪያ ነጭ እንፋሎት፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆነ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሠራ እንፋሎቱ ጠፋ፤ ሰማያዊው ግን ሳስቶ ቀጠለ። ወጣቱ መካኒክ አሁንም «ይኸው» ለማለት ተነሣሣ። አዛውንቱ ማርሚታውን አመለከቱት። በዚያ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ከሲሊንደር የተገፋ ዘይት ተቀምጦ ብረቱ እስኪግል ድረስ አይነድም፤ ቆሞ በሚሠራ መኪና ደግሞ ማርሚታ በበቂ አይግልም። በመንገድ ላይ መነዳት አለበት። ሞተሩ ሆዱን ያጸዳ እንደ ሆነ፣ ከአምሳ ኪሎ ሜትር ጉዞ በፊት ስለ ሰማያዊ ጢስ የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ የችኮላ ነው ማለት ይቻላል። እርግጥ ነው፣ ከመንዳት በፊት ፍሬኑ መታየት አለበት፤ አሥራ አንድ ዓመት የቆመ የፍሬን ፈሳሽ ከጢስ ይልቅ ቶሎ ይገድላል።

በመጀመሪያው ቀን ጉዞ ላይ ግን ማንም ያላሰበው ነገር ተከሠተ። ልጅቱ ብርድ ስለ ተሰማት የማሞቂያውን ማንሻ ሳበች፤ ወዲያው የተቃጠለ ዘይት ሽታ ወደ ውስጥ ገባ፤ ጥቂት ቆይቶም ራሷን አመማት። አዛውንቱ መኪናውን አስቁመው መስኮቶቹን ሁሉ አስከፈቱ። የቮልስ ማሞቂያ የሚሞቀው በጢስ ቧንቧው ዙሪያ በሚያልፍ አየር ነው፤ ቧንቧው የሚያልፍበት ሳጥን ከውስጥ ዝጎ ከተቀደደ የሞተሩ ጢስ በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል። መኪናው ሲፈተሽ ሁለት ነገር ተገኘ። የቫልቭ መግፊያ ዘንጎቹ የሚያልፉባቸው ቱቦዎች ላስቲኮች ደርቀው ዘይት በጋለው ሳጥን ላይ ይንጠባጠባል፤ ሽታውን የሚሰጠው እርሱ ነው። ከዚያ የከፋው ግን የግራው ሳጥን የዛገበት ቀዳዳ ነው።

የዘይቱ ሽታ ባይኖር ኖሮ ማንም ማሞቂያውን አይጠረጥርም ነበር። ሰማያዊውም ጥቁሩም ጢስ ይታያል፣ ይሸታል፣ ሰውም ይሸሸዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ስለዚህ ቆሞ በከረመ ቮልስ ላይ የጢስ ምርመራ ከጢስ ማውጫው ጫፍ ሳይሆን ከማሞቂያ ሳጥኖቹ ቢጀመር ስሕተት አይሆንም። ሳጥኖቹ እስኪለወጡ ድረስ ወደ ውስጥ የሚገባው የማሞቂያ መስመር ተዘጋ፤ መስኮቶቹም ተከፍተው ተነዳ።

በሦስተኛው ቀን፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ፣ የሲሊንደሮቹ ግፊት ተለካ። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የቤንዚን መርገጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሦስቱ ሲሊንደሮች 6 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ሁለተኛው 5 ተኩል አሳዩ። ሁለተኛው በመጀመሪያው ቀን 4 ተኩል ብቻ ነበር። ተጣብቆ የነበረ ሪንግ ሲላቀቅ የሚታየው ለውጥ እንዲህ ያለ ነው። ወጣቱ ግን «መጽሐፉ 8 ይላል» አለ። ልክ ነው። መጽሐፉ ግን የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። ጅቡቲ ላይ 8 የሚያሳይ ሞተር አዲስ አበባ ሲደርስ በሲሊንደሩ የሚሰበስበው አየር በሩብ ስለሚቀንስ 6 ገደማ ያሳያል። በዚህች ከተማ የመጽሐፉን ቁጥር እንደ ወረደ በመውሰድ ብቻ ስንት ሞተር ሳይታመም እንደ ተፈታ የሚያውቁት የፈቱት እጆች ናቸው። ከቁጥሩ ቁመት ይልቅ የአራቱ መቀራረብ ይበልጣል።

በሲሊንደሩ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ ግፊቱን ዳግመኛ መለካት፣ ከፍ ካለ ሪንጉን መጠርጠር፣ ካላለ ደግሞ ቫልቩን መጠርጠር የታወቀ ዘዴ ነው። ሲሊንደሩ ቆሞ በሚሠራ ሞተር ላይ ይጠቅማል። በተጋደመ ሲሊንደር ግን ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ እኩል ሳይዳረስ በታችኛው ጎን ይቀራል፤ ስለዚህ በቮልስ ላይ ይህ ምርመራ ብዙ ሊታመን አይገባም።

ከእርሱ ይልቅ እንጦጦ የተሻለ መርማሪ ነው። መኪናው ሽቅብ ሲወጣ፣ ሞተሩ ተጭኖ ሲሠራ ሳያቋርጥ ሰማያዊ የሚጤስ ከሆነ፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሲነሣም ጢስ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ሪንጉን ወይም ሲሊንደሩን መጠርጠር ይገባል። ቁልቁል ሲወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እግር ከቤንዚኑ ተነሥቶ ሞተሩ በጎማው ኃይል ሲዞር በመሳቢያው በኩል ብርቱ የመምጠጥ ኃይል ይፈጠራል፤ የቫልቩ ግንድ የሚመላለስበት ጋይድ ሰፍቶ ከሆነ ዘይት በዚያ ይመጠጣል። ከቁልቁለቱ ግርጌ ቤንዚኑ ዳግመኛ ሲረገጥ ያ ዘይት በአንድ ጊዜ ነድዶ ሰማያዊ ጉም ይሆንና ይጠፋል።

አዛውንቱ መሪውን ያዙ፤ ወጣቱን ከኋላ በሌላ መኪና እንዲከተላቸውና ማውጫዎቹን እንዲመለከት አደረጉት። ሽቅቡን ሲወጡ ጢስ አልታየም። ሲወርዱም አልታየም። ከታች ደርሰው ቤንዚን ሲረግጡ ግን አንድ ጊዜ ሰማያዊ ቡፍ ብሎ ጠፋ።

«የመምጠጫው ቫልቭ ጋይድ ነው» አለ ወጣቱ ከመኪናው ወርዶ፤ ደግሞም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ሞተር አይወርድም» አለ።

«ዘይቷን በየሳምንቱ እያዩ ዓመት ሁለት ዓመት ትሄዳለች» አሉት አዛውንቱ። «ቴስታታው ሲወርድ ያኔ ጋይዱ ይለወጣል።»

ገዢው በአራተኛው ቀን መጥቶ ሞተሩን አዳመጠ። ልጅቱ ስለ ጋይዱም፣ ስለ ማሞቂያው ሳጥንም፣ ስለ ደረቁት ላስቲኮችም ሳትደብቅ ነገረችው። ከብረት ዋጋ ብዙ የሚበልጥ ገንዘብ ጠራላት። እርሷም ሳጥኖቹ እስኪለወጡ ድረስ ለማንም እንደማትሸጠው፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን ገና እንዳልወሰነች ነግራ አሰናበተችው። ወጣቱ መካኒክ በዚያን ጊዜ ከመኪናው ኋላ ጎንበስ ብሎ ነበር። በሞተሩ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ አራቱን የግፊት ቁጥሮች ከነቀናቸው በጠመኔ ጻፈ፤ ከሥራቸውም «አዲስ አበባ» ብሎ ጨመረበት።